ሁለት ጣት

እኔ ዱጋሳ አሶሳ ላይ ጋራዥ ከከፈትኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ሰው እንኳ መጥቶ «መኪናዬን ዝቅ አድርግልኝ» ብሎኝ አያውቅም። ሁሉም የሚለኝ ከፍ አድርግልኝ ነው። መንገዳችንን የሚያውቅ ሰው ሌላ ምን ይላል? ክረምት ላይ ከአስፋልቱ ትንሽ ወጣ ካልክ መኪናህ የምትሄደው በሆዷ ነው።

ስለዚህ ቶሌራ ቪትዙን ይዞ መጥቶ «ጋሼ ዱጋሳ፣ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ያድርጉልኝ» ሲለኝ ደሜ ፈላ። ቶሌራ ጎረቤቴ ነው፤ የሂሳብ መምህር፣ ጨዋ ልጅ፣ እናትና አባቱ የሞቱበት። መኪናዋን ከሌላ ሰው ከገዛት ገና ወሩ ነው። ደሜ የፈላው ግን በሌላ ምክንያት ነበር። ያቺን ቪትዝ ለፊተኛው ባለቤቷ ከፍ ያደረግኳት እኔው ራሴ ነኝ! ሰውነቷን ከሚሸከመው ሞላ ሥር ወፍራም ላስቲክ አስገብቼ፣ ሦስት ቀን ለፍቼባት።

«ምን አጎደለች?» አልኩት።

«ትወዛወዛለች ጋሼ። በየቀኑ ለመንዳት ትንሽ ዝቅ ብትል ብዬ ነው...»

«ስልክ ላይ አይተህ ነው አይደል? እነዚያ ሙዚቃ ከፍተው መሬት ለመሬት የሚንፏቀቁትን!»

«ኧረ አይደለም ጋሼ፣ እኔ የፈለግኩት ሁለት ጣት ብቻ...»

አላስጨረስኩትም። እኔ ስናደድ ጆሮዬ ይዘጋል፤ ባለቤቴ ብሪቱ በዚህ ጠባዬ ስታማርር ነው የኖረችው። «ዝቅታ ከፈለግክ ዝቅታ ታገኛለህ!» ብዬ መኪናዋን በክሪክ አነሳሁ፣ ሞላዎቹን ፈታሁ። ላስቲኩን ብቻ ባወጣው ሁለቱ ጣት ይገኝ ነበር፤ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። እኔ ግን የብረት መቁረጫ ግራይንደሬን አስነስቼ ከእያንዳንዱ ሞላ ላይ አንድ ዙር ተኩል ቆረጥኩ። ልኩን ላሳየው ብዬ!

አመሻሽ ላይ መጥቶ ሲያያት ክው አለ። በሆዷና በመሬቱ መካከል ድመት አታልፍም።

«ትንሽ አልበዛም ጋሼ?»

«ዝቅ ትበል ያልከው አንተ!»

እኔ ጠብ ስጠብቅ ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ቅዳሜ ባምባሲ ሽማግሌ ሆነው ይሄዱልኛል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶሌራ ወደ አሶሳ ከመዛወሩ በፊት ባምባሲ ሁለት ዓመት አስተምሯል። እዚያ ቢሊሴ የምትባል መምህርት ወደደ፤ እሷም ወደደችው። አባቷ አቶ ጂራታ ግን እንደ እኔና እንደ ቶሌራ ከወለጋ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ቀላል ሰው አይደሉም። መጀመሪያ የተላኩትን ሁለት ሽማግሌዎች፣ ጡረተኛውን አቶ ቢሻውንና ነጋዴውን ሼህ አብዱልሐሚድን፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አቁመው «ሌላ አንድ ጊዜ ብቻ ተመለሱ። ያን ጊዜ ልቤ ካልወደደው ሦስተኛ የለም» ብለው ሸኟቸው። አሁን የቀረችው ያቺ አንዷ ጊዜ ነች። የአገራቸው ሰው ቢጨመር ይሻላል ተብሎ ነው እኔ የታሰብኩት። አቦ! ሞላውን የቆረጥኩበት ልጅ ፊቴ ቆሞ እየለመነኝ እንዴት እንቢ ይባላል? እሺ አልኩ።

በኪራይ እንሂድ ብል ልጁ «ሽማግሌዎቼን በራሴ መኪና ነው የማደርሰው» አለ። ቅዳሜ ጠዋት አቶ ቢሻው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከኋላ ገቡ። እኔ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከዚያ ሼህ አብዱልሐሚድ መጡ። ሼህ የዚሁ አገር የበርታ ሰው ናቸው፤ ሰውነታቸውም ጨዋታቸውም ሰፊ ነው። ፊት ሲቀመጡ ቪትዟ በአንድ ጎኗ ተኛች። ያ አንሶ «ባዶ እጅ የሰው ቤት መሄድ ዓይብ ነው፣ ነውር ነው» ብለው ሁለት ጆንያ ማንጎ አስጫኑ። እኔ መኪናዋን የለካኋት ባዶዋን ነበር። አሶሳ ውስጥ ባዶዋን የምትሄድ መኪና አለች እንዴ? ይህን የሚረሳ መካኒክ እኔ ብቻ ነኝ።

የመጀመሪያው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ የወጣውን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ። የጭስ ማውጫው ማርሚታ አስፋልቱን ፋቀው፣ መኪናዋም ጉብታው ላይ በሆዷ ተኝታ ቀረች።

«ወላሂ፣ ይሄ መኪና አይደለም፣ ምንጣፍ ነው!» አሉ ሼህ።

ወረድን፤ ገፋን፤ ገባን። ሁለተኛው ጉብታ ላይም ወረድን። ከአሶሳ ባምባሲ ስንት ጉብታ እንዳለ ሌላው ሰው ላያውቅ ይችላል፤ እኔ በእግሬ ነው የቆጠርኩት። የሚያዝያ ፀሐይ አናታችን ላይ ናት። አቶ ቢሻው ጋቢያቸውን ሰብስበው በተራመዱ ቁጥር ልጁን ይሰድባሉ፤ «በዚህ መንገድ ላይ መኪና ዝቅ የሚያደርግ ጅል ነው ሚስት የሚያገባው? ወይ አበሳ!» ይላሉ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ አባቶቼ» ይላል ቶሌራ። በመስታወቱ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም።

እኔስ ምን አልኩ? ያሳፍራል፤ ግን ልናገር። «እውነት ነው፣ የዘንድሮ ልጆች አይሰሙም» አልኩ።

ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ አቶ ጂራታ ቤት የሚወስደው ኮረኮንች ላይ ስንደርስ ነገሩ ባሰ። መኪናዋ ባዶዋን ካልሆነ ንቅንቅ አልል አለች። አንዱን ጆንያ እኔና አቶ ቢሻው በሁለት ጫፍ፣ ሌላውን ሼህ በትከሻቸው ይዘን አቀበቱን ወጣን። ቶሌራ ሁሉንም እኔ ልሸከም ብሎ ቢለምን «አንተ መኪናህን ንዳ!» ብለን ጮህንበት። ደጁ ስንደርስ ልጁ እንደ ወጉ ከአጥሩ ውጭ ቀረ።

የሽማግሌ ወግ ማንም ያውቀዋል። ቤት ትገባለህ። «ተቀመጡ» ትባላለህ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም!» ብለህ ትቆማለህ። አቶ ጂራታም ደግሞ ሁለት ሰዓት ሊያቆሙን ተዘጋጅተው፣ ኮታቸውን ለብሰው ይጠብቁናል።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ።

ተቀመጥን።

ሦስታችንም፣ አግዳሚው ላይ፣ ዘፍ! ሼህ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አቶ ቢሻው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ማን ቀድሞ ተቀመጠ ብትሉኝ፣ ዋሽቼ የት እደርሳለሁ፣ እኔ ነኝ።

አቶ ጂራታ ደንግጠው ቆመው ቀሩ። ሊቀመጡ ሲሉ ትዝ አላቸውና ተመልሰው ቆሙ። ቤቱ ውስጥ የቆመው እሳቸው ብቻ ናቸው! ፊታቸው ቀላ።

«እንግዲህ ጉዳያችሁን ትታችሁታል ማለት ነው። ደህና። ውሃ ጠጡና ሂዱ።»

ልነሳ አግዳሚውን ተደገፍኩ፤ አልተነሳሁም። አቶ ቢሻው ነገሩን ሊያድኑ ብለው ጭራሽ አበላሹት፦ «አይ አቶ ጂራታ፣ ንቀት አይደለም! ያ ልጅ መኪናውን መሬት ላይ አስተኝቷት ግማሹን መንገድ በእግራችን መጥተን ነው።»

«ለምን አስተኛት?»

«ለማማር ይሆናላ።»

«ለማማር! በዚህ መንገድ!» አሉ አቶ ጂራታ። «ለእንዲህ ያለ ቀበጥ ልጄን አልሰጥም። አለቀ!»

ጓዳ ውስጥ አንድ ሰው ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁ። ቢሊሴ መሆኗ ነው። ከአጥሩ ውጭ ያ እናት አባት የሌለው ልጅ ፀሐይ ላይ ቆሟል። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል ቢናገር እኔ ነበርኩ የምዋረደው። እንዴት እንደቆምኩ አላውቅም፤ ብቻ ቆምኩ።

«ውሸት ነው!» አልኩ። ሼህ ዓይናቸውን ገለጡ። «ቀበጡ እኔ ነኝ። ልጁ ሁለት ጣት አለኝ፣ እኔ በንዴት ሞላውን አንድ ዙር ተኩል ቆረጥኩበት። ከዚያም መንገድ ላይ አብሬ ሰደብኩት። እሱ ግን ጥፋቱ የእኔ ነው እያለ አመጣን።»

አቶ ቢሻው በእጃቸው የያዙትን ጫማ ወደ እኔ ሊወረውሩ አሰቡና ተዉት።

«ሁለት ጣቱንስ ለምን ፈለገው?» አሉ አቶ ጂራታ።

ለካ አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።

ልጁ ተጠራ። ከበሩ አላለፈም፤ አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። «ቢሊሴን መኪና ያስመልሳታል። ከፍ ብሎ የሚወዛወዝ ሲሆን ይብስባታል። ባጃጅ ላይ ግን ደህና ናት፣ አይቻለሁ። እና መኪናዋ ወደ መሬት ጠጋ ብትል... ብዬ ነው።»

አቶ ጂራታ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት» አሉ። «ክሊኒክ የምወስዳት በትከሻዬ ነበር። ነቀምቴ ትማር ብዬ ሁለት ጊዜ በአውቶቡስ ላክኋት፤ ሁለቴም ከመንገድ ወርዳ፣ አረንጓዴ መስላ በእግሯ ተመልሳ መጣች። ሳቅንባት እንጂ ማንም መኪናውን እናስተካክልላት ያለ የለም።» ቀና አሉ። «ልጄን ሰጥቻለሁ። ሁለት ጣት ይሁን። ለዚህ ለሞላ ቆራጭ ግን ምሳ የለውም!»

ምሳ በላሁ፤ እንዲያውም ጨመሩልኝ።

አዲስ ሞላ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ስለካ ሼህን፣ አቶ ቢሻውንና ሁለት ጆንያ ማንጎ አስገብቼ ነው የለካሁት። ሁለት ጣት፣ በሙሉ ጭነት! አቶ ቢሻው እስኪያልቅ መስኮቱን ከፍተው ሲሰድቡኝ ነበር።

የሠርጉ ዕለት ቪትዟን የነዳሁት እኔ ነኝ። ሙሽሮቹ ከኋላ፤ ሚዜዋ ጭኗ ላይ አንድ እቅፍ ፌስታል ይዛለች። በየጉብታው ላይ ላቤ ይንቆረቆራል፤ በመስታወት የማየው መንገዱን ሳይሆን የቢሊሴን ፊት ነው። አሶሳ ደርሰን ስንቆም ፌስታሎቹ እንደታጠፉ ነበሩ። ስልኬ ጮኸ። አቶ ጂራታ ናቸው።

«ደረሳችሁ?»

«ደርሰናል!»

«አስመለሳት?»

«አንድም ጊዜ አላስመለሳት!» አልኩ በኩራት። «እየሳቀች ነው የወረደችው!»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ? ሃሎ?» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። ድምፃቸው ቀጥኗል። «እንግዲያው አሁን ከመንገድ አትመለስም፤ ሄደች ማለት ነዋ።»

ምስጋና ስጠብቅ የነበርኩት ሰውዬ ስለ ሞላው ማውራቱን ተውኩት።

«ለመልስ እሁድ እኔው ነኝ የማመጣት» አልኳቸው።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አሉና ዘጉት።