የተረፈው አርባ ሜትር

መንገዱ አርባ ሜትር ተርፏል። ማክሰኞ ዕለት በአሥራ ሁለተኛውና በአሥራ ሦስተኛው የኪሎ ሜትር ድንጋይ መካከል የመለኪያ ጎማዬን እየገፋሁ ጫፍ ስደርስ፣ ሺህ ማለት የነበረበት ቁጥር ሺህ አርባ አለ። ተመልሼ ገፋሁ። ሺህ አርባ። የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር መኪናው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ «ጎማሽ ጠጥቶ አድሯል» እያለ ይስቅብኛል። ለሦስተኛ ጊዜ ስለካ፣ መሃሉ ላይ ፉጨት ሰማሁ። አጭር፣ አጭር፣ ረጅም። ዞር ብዬ አየሁ። በግራ የተቆረጠው ኮረብታ፣ በቀኝ ገደል፤ ሰው የሚባል የለም።

«ወፍ ነው፤ ሁሌም እዚህ ጋ ይጮኻል» አለኝ ሾፌሩ።

ይቺን መሃል ሾፌሮች «የማንም» ይሏታል። ከከተማው የሚወጣው የጥገና ቡድን ከአሥራ ሁለተኛው ድንጋይ ተነስቶ አምስት መቶ ሜትር ይጠግናል፤ ከማዶ የሚመጣው ደግሞ ከአሥራ ሦስተኛው ተነስቶ አምስት መቶ። ሁለቱም የድርሻቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ። መሃሏ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንደተቦረቦረች ቀርታለች። እኔም እንደ ሰው ሁሉ ስንፍና ይመስለኝ ነበር።

ቢሮ ገብቼ አሮጌውን መዝገብ ገለጥኩ። «አንድ ሺህ» ይላል፣ በአባቴ የእጅ ጽሑፍ። አባቴ መንገዱ ሲሠራ ካቦ ነበር፤ ሠራተኞቹን የሚያዝ፣ ድንጋዮቹንም የተከለ እሱ ነው። ስሙ ተረስቶ «ውሃ ልክ» ነው የሚባለው። ጠረጴዛ ትንሽ ከተንጋደደ ምግብ አልበላም የሚል ሰው አርባ ሜትር አይስትም። አሁን ደግሞ መንገዱ ሊሰፋ ነው። ዓርብ የማስረክበው የልኬት ቅጽ ላይ ያለው መሬት በሙሉ ሁለት ሜትር ተቆፍሮ ይወጣል፤ ቅጹ ላይ የሌለውን የሚነካው የለም።

ሐሙስ ከሰዓት ቤት ሄድኩ። እናቴ የለችም። ሐሙስ የወደቡ አውቶቡስ የሚገባበት ቀን ነው። እዚያው መንገድ ላይ አካፋ ይዞ ይሠራ የነበረው ታናሽ ወንድሟ፣ እኔ ሳልወለድ፣ ወደብ ሥራ ፍለጋ ሄዶ በዚያው ቀረ ተብሏል። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ መናኸሪያ እየሄደች ሾፌሮቹን ትጠይቃለች። አልጋው እስከዛሬ ይነጠፋል። የሚያንገበግባት መሄዱ አይደለም፤ ሳይሰናበታት መሄዱ ነው።

አባቴን በረንዳ ላይ ብቻውን አገኘሁት።

«አባዬ፣ ሺህ አርባ ነው» አልኩት።

የቱ ብሎ አልጠየቀኝም። «ጎማሽ ልክ ነው» አለ።

«ታዲያ መዝገቡ ተሳስቷላ?»

«አልተሳሳተም። ዋሽቼ ነው።»

ከዚያ ነገረኝ። ኮረብታው ሲናድ ሥሩ የነበረው አጎቴ ብቻ ነው። በማግስቱ ትልልቅ እንግዶች መንገዱን ሊመርቁ ይመጣሉ። አለቃው መጣና «ሞቷል፤ ሙላና ደልድል» አለው። ዳምጠውን፣ ያንን አፈር የሚጠቀጥቅ ከባድ መኪና፣ የነዳው አባቴ ራሱ ነው።

«አንዴ ሞተሩን አጠፋሁት። ፉጨት ሰማሁ» አለ። «ወፍ ነው አልኩ። አስነሳሁት።»

ወንበሩን ይዤ ቆምኩ።

ወደብ ሄደ የሚለውን ወሬ የነዛው እሱ ነው። ድንጋዮቹን ሲተክልም አሥራ ሦስተኛውን አርባ ሜትር አሳለፈው፤ መሃሉን ማንም እንዳይቆፍረው። አባቴን ጠላሁት። ይህን ሁሉ ዓመት ብቻውን መሸከሙን ሳስብ ደግሞ አሳዘነኝ፤ ስላሳዘነኝም ይበልጥ ተናደድኩ።

«ሺህ ብለሽ ጻፊው» አለኝ። «ለእሷም ተስፋዋ ይሻላታል።»

«ሠላሳ ዓመት መናኸሪያ መቆም ነው ተስፋ? ነገ ይዣት እሄዳለሁ። የምትነግራት ግን አንተ ነህ።»

ዓርብ ጠዋት አብረን ሄድን። ለእናቴ የነገርኳት ስለ ሺህ አርባውና ቅጹ ላይ የተጻፈው ሁሉ እንደሚቆፈር ብቻ ነው። እናቴን ሳቅ ሳቅ ብሏታል። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሽርሽር ሳያወጣኝ፣ ዛሬ አርባ ሜትር ኮረኮንች ሊያሳየኝ!» አለች። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ወረድን። አባቴ ቀድሞን ወደ መሃሉ ሄደ።

ፉጨቱ መጣ። አጭር፣ አጭር፣ ረጅም።

እናቴ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ሾፌሩ «ወፍ ነው፣ እማማ» አላት።

«ወፍ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ልጅ ሆኖ መንገድ ሲጠፋበት እኔን የሚጠራኝ እንዲህ ነበር። እኔ ነኝ ያስተማርኩት።»

አባቴ የተቦረቦረው መንገድ ላይ ተንበረከከ። «እዚህ ነው ያለው» አላት። «ወደብ አልሄደም። አፈር ተናደበት፤ እኔ ነኝ በላዩ የደለደልኩት።»

ትጮኻለች ብዬ ልይዛት ተጠጋሁ። አልጮኸችም። መሬቱን አየች፤ ከዚያ እሱን።

«ያኔም ጠርቶኝ ነበር?»

«ጠርቶሽ ነበር» አለ አባቴ።

እናቴ ጫማዋን አውልቃ ዳር አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሺህ አርባ ነው ያልሽው?»

«አዎ እማዬ።»

«ጻፊው። ያውጡልኝ።»