የአቶ ላቀው ቀሪ ድምፅ

ማክሰኞ ጠዋት የባቡር ጡረተኛው አቶ ላቀው ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አረፉ። ከሰዓት በኋላ ከደረቁ ወንዝ ማዶ ባለው መቃብር ተቀበሩ። አንድ ድምፃቸው ግን ቤት ቀረ።

ድምፁ አናባቢ ብቻ ነው፤ ቃል አይደለም። ከአልጋው ራስጌ ተቀምጦ ሰፋ ብሎ ይጀምርና ጠበብ ብሎ ያልቃል። መጋረጃው አብሮት ይነፋል፣ አብሮት ይረግባል። ለቀስተኞች ሬዲዮ መስሏቸው ነበር። ሬዲዮው ተነቅሏል።

ሐሙስ ድንኳን የሚነሳበት ቀን ነው። የእድሩ ዳኛ አቶ ኢብሳ ግን አላስነሱም።

«እድራችን ሰው በግማሽ ቀብሮ አያውቅም» አሉ።

«ይቅርልኝ» አሉ የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ አስካለ። «ልጅ የለን። ቤቱ ውስጥ የቀረኝ እሱ ነው።»

«እትዬ፣ ጋሽ ላቀው በቁማቸው እንኳ ይህን ያህል አውርተው አያውቁም።»

«ከእናንተ ጋር ነዋ።»

ፈረንሳይኛ ሲያስተምሩ የኖሩት ጎረቤት፣ መምህር ሩፋኤል፣ ድምፁን እንዲለዩ ተጠሩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አዳመጡ። የአማርኛ አናባቢዎች እያንዳንዳቸው በጀመሩበት ያልቃሉ፤ ይህ ግን ከአንዱ ተነስቶ ሌላው ላይ ያርፋል አሉ። በሶማልኛም በእንግሊዝኛም እንዲህ ያለ ሞልቷል። ሟቹ ከባቡር ሾፌሮች ጋር ሶማልኛ ይነጋገሩ ስለነበር፣ ድምፁ የእሳቸው መሆኑ አላከራከረም።

«እንግዲያው ግማሹን ቆርጣችሁ ተዉልኝ» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«አይቆረጥም፣ እትዬ። ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ ነው ያሉት» አሉ መምህሩ።

ባዶ ቃሬዛ ገባ። ድምፁ ሳይጎትቱት ወጣበት። ተሸካሚዎቹ ከአስከሬኑ ይበልጥ ከብዷል ብለዋል። መቃብሩ ራስጌ ላይ አፈር ተነስቶ ድምፁ ገባ፤ ተከደነ። ድንኳኑም ወዲያው ተጠቀለለ። ወይዘሮ አስካለ ደረታቸውን አልመቱም። አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት።

ቅዳሜ የመቃብሩ ዘበኛ አቶ ኢብሳ ዘንድ መጣ።

«ሁለት ሰዎች ከሥር ያወራሉ» አለ።

«አንዱ ማነው?»

«ጋሽ ላቀው።»

«ሌላው?»

«ሌላዋ ይበሉ። ሴት ናት።»

አቶ ኢብሳ ከዘበኛው ጋር ወደ ወይዘሮ አስካለ ቤት ሄዱ። በሩ ክፍት ነበር። ወይዘሮ አስካለ አልጋው ላይ ተቀምጠው ወደ ባዶው ራስጌ ዞረዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ትከሻቸው በሳቅ ይርገበገባል። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማ ነገር የለም። ሳቁ የመጣው ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ ከመቃብሩ በኩል ነበር።