ምሰሶ ስንተኛ ነው?

የከተማው የቅርጫት ኳስ ሊግ ሃምሳኛ ዓመቱን ሊያከብር ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የሬዲዮ ጣቢያው የስፖርት ክፍል ኃላፊ ጋዜጠኛዋን ቢሮው ጠርቶ አንድ ሥራ ሰጣት።

«በሃምሳ ዓመት ውስጥ ከታዩት ተጫዋቾች ምርጥ አሥሩን በደረጃ አውጪልኝ። የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ታነቢዋለሽ» አላት። «አንደኛው እንኳን የታወቀ ነው፤ ምሰሶ ነው። አንቺ የምትጨነቂው ከሁለት እስከ አሥር ላለው ነው።»

ምሰሶ ሲባል ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ጎንበስ ሳይል በር የማይገባ ረጅም ሰው ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ተጫውቷል፤ በሊጉ ታሪክ የእሱን ያህል ነጥብ ያስቆጠረ የለም። ጋዜጠኛዋ ቤት ግን ስሙ ሌላ ነበር። እናቷ ቤት ምሰሶ የሚታወቀው «ፈሪው» በሚል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቷ ወንድም ከምሰሶ ጋር በአንድ ቡድን ሰባት ዓመት ተጫውቷል። ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ቡድናቸው በአንድ ነጥብ እየተመራ፣ ስድስት ሰከንድ ሲቀር ኳሷ ምሰሶ እጅ ላይ ነበረች። ሰዉ ሁሉ ይወረውራል ብሎ ሲጠብቅ ምሰሶ ጥግ ላይ ለቆመው ለአጎቷ አቀበለ። አጎቷ ወረወረ። ኳሷ የቀለበቱን ጠርዝ መትታ ወጣች፤ ዋንጫውም አብሯት ሄደ። ምሰሶ ከዚያም በኋላ ዋንጫ ሳያነሳ ጫማውን ሰቀለ። አጎቷ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ሜዳ ረግጦ አያውቅም።

«እሳቱን ከራሱ ላይ አራግፎ እኔ ላይ ጣለው» ይላል አጎቷ፣ ወሬው በተነሳ ቁጥር። «ሰው በጭንቅ ቀን ነው የሚታየው።»

ልጅ ሆና ይህን ሰምታ አምና ነበር። አሁን ግን ባዶ ወረቀት ፊቷ አድርጋ ስትቀመጥ አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ አላት። ሰውየው እውነት ፈርቶ ነበር? የዚያን ቀን ጨዋታ የቀረጸ ካሜራ የለም። የሊጉ መዝገብ ቁጥር ይናገራል እንጂ ስለ ፍርሃት የሚለው ነገር የለውም። ስለዚህ ሰው ፍለጋ ወጣች።

መጀመሪያ የሄደችው ምሰሶን አሥራ አንድ ዓመት ሲከላከል ወደነበረው ተጫዋች ነው። በጨዋታ ዘመኑ ከያዘው ሰው ላይ ስለማይላቀቅ «መዥገር» ይሉት ነበር። ዛሬ መስታወት ቆራጭ ነው። ስትገባ አንድ ትልቅ መስታወት ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ በሜትር ይለካል።

«እዚያው ቁሚ፣ ስብርባሪ አለ» አላት ቀና ሳይል። «ምሰሶን ነው? ምን ልንገርሽ፤ ከሚስቴ ፊት ይልቅ የእሱን ፊት ነው ብዙ ያየሁት።»

«የፍጻሜው ቀን ፈርቶ ነው ያቀበለው ይላሉ» አለችው።

መዥገር ሜትሩን አስቀመጠ። «ማነው እንዲህ ያለው? እኔ ነኝ የያዝኩት። ብቻዬን ደግሞ አልነበርኩም። አሠልጣኛችን 'ሌላው ቢፈልግ ያግባ፣ እሱ ብቻ እንዳይወረውር' ብሎን ለሁለት ገባንበት። የኔ እጅ ዓይኑ ላይ፣ የጓደኛዬ እጅ ክንዱ ላይ። ጥግ ላይ ያለውን ሰው ማንም አልያዘውም። በዚያች ሰዓት መወርወር ነበር ሞኝነት።»

«ታዲያ ለምን እስካሁን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለና መቁረጫውን አነሳ። «ዋንጫውን የወሰድነው እኛ ነን። የበላ አያወራም።»

ሳቋ አመለጣት፤ ጥያቄዋ ግን ባሰባት እንጂ አልበረደም። መዥገር ያየው እጅና እግር ነው። ልብ ውስጥ ያለውን ሊያውቅ የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ምሰሶ መኪና መንዳት ያስተምራል። በማግስቱ ጠዋት ማሠልጠኛው ግቢ ስትደርስ፣ ጉልበቱን ደረቱ ድረስ አጥፎ ከአንዲት ትንሽ መኪና ውስጥ ተቀምጦ አገኘችው። የማን የእህት ልጅ እንደሆነችና ለምን እንደመጣች ነገረችው።

«መንጃ ፈቃድ አለሽ?» አላት።

«የለኝም።»

«እንግዲያው መሪው ጋ ተቀመጪ። የዚህ ሰዓት ተማሪ ቀርቷል። ዝም ብዬ ከማወራ እያስተማርኩ ላውራ።»

ተቀመጠች። ክላች አስረገጣት፣ ማርሽ አስያዛት፤ መኪናዋ ሁለቴ ዘላ ጠፋች። በሦስተኛው ግቢውን ቀስ ብለው መዞር ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ፈርተው ነበር?»

«ፊት ፊቱን እይ። አዎ፣ ፈርቼ ነበር።»

ጋዜጠኛዋ ዞር ብላ ስታየው መኪናዋ ወደ አጥሩ አዘነበለች። ምሰሶ በረጅም ክንዱ መሪውን መለሰው።

«ሁልጊዜ እፈራ ነበር» አለ። «ከጨዋታ በፊት ቁርስ አይወርድልኝም። ስንቱን ጨዋታ እየፈራሁ ወርውሬ አግብቻለሁ። ፍርሃቱ ሆዴ ውስጥ ነው፤ እጄን አይዘውም። ያቀበልኩት አጎትሽ ብቻውን ስለነበር ነው። በዚያ ላይ ከዚያች ጥግ የሚስተካከለው አልነበረም።»

«ታዲያ የሚቆጭዎት ነገር የለም?»

ግቢውን አንድ ዙር ዞሩ።

«አለ» አለ በመጨረሻ። «ኳሷን ዝቅ አድርጌ ነው የሰጠሁት። ደረቱ ላይ ማድረስ ሲገባኝ ጉልበቱ ላይ ደረሰችው። ደረቱ ላይ ብትደርስለት ኖሮ ያገባት ነበር። ይህንን ልነግረው ሁለት ጊዜ ቤቱ ሄድኩ። የለም ተባልኩ። በሦስተኛው ተውኩት። ፍሬን ያዢ።»

ፍሬን ያዘች። ከመውረዷ በፊት ራሱን ስንተኛ እንደሚያደርግ ጠየቀችው።

«ሦስተኛ» አለ ብዙም ሳያስብ። «አንደኛ ሽብልቅ የምንለው ነው። ያ አጭር ልጅ አምስት ዋንጫ ያነሳው በወረወረው ብቻ አይደለም፤ አብሮት የገባ ሁሉ ተጫዋች ይሆን ነበር። ሁለተኛውን አንቺ ፈልጊ።»

ከዚያ በቀጥታ አጎቷ ዘንድ ሄደች። አጎቷ ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ይጠርዛል። የታጠፉ ገጾችን ሰብስቦ፣ ጀርባቸውን ሙጫ እየቀባ ነበር። መዥገር ያላትን ነገረችው፤ ብሩሹን አላቆመም። ምሰሶ ስለ ኳሷ ያላትን ስትነግረው ግን ብሩሹ ሙጫው ውስጥ ቀረ።

«ዝቅ ብላ ነበር አለ?» አላት።

«አዎ። ጥፋቱ የኔ ነው አለኝ።»

«ዝቅስ ብላ ነበር» አለ አጎቷ። «ግን ጊዜ ነበረኝ። አንስቼ፣ አስተካክዬ መወርወር እችል ነበር። ሰዉ ሲጮህ ጉልበቴ ከዳኝና ቶሎ ከእጄ ትውጣልኝ ብዬ ጣልኳት። ፈሪው እሱ አልነበረም።»

«ቤት ሲመጣ የለም ያለው ማነው?»

«እናትሽ ናት። በይ ያልኳት ግን እኔ ነኝ፤ ጓዳ ተቀምጬ።» ከጣቱ ላይ የደረቀ ሙጫ ላጠ። «አንዴ ፈሪ ካልኩት በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። እሱ ካልፈራ፣ የሳትኩት እኔ ብቻ ልሆን ነዋ።»

«ሬዲዮ ላይ ልናገረው?»

ብሩሹን ከሙጫው አወጣ። «የኔን ጉልበት ተዪው። ለኔ ማቀበሉ ትክክል እንደነበረ ግን ተናገሪ» አላት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጋዜጠኛዋ ከአሥረኛው ጀምራ አነበበች። ሁለተኛ ላይ ስትደርስ ምሰሶን ጠራች፤ ኃላፊው ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ ሆኖ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። አንደኛ ሽብልቅን አደረገች፤ ምክንያቷንም ተናገረች። ስለ ፍጻሜው ጨዋታ መዥገር የነገራትን አስረዝማ አወራች፤ የአጎቷን ምስጢር ግን ለራሷ ያዘች። ስልኩ እስከ ቀትር አላረፈም። አንዱ «ምሰሶን ሁለተኛ ያደረገ ጆሮ እንጂ ዓይን የለውም» አለ። ሌላው ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በከንቱ ሲያማው መኖሩን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ኃላፊው ተቆጥቶ አብሯት ምሳ ሳይበላ ዋለ፤ ሰኞ ግን ይህን ያህል ሰው ደውሎ እንደማያውቅ ራሱ ነገራት።

በዚያው ሰኞ አጎቷን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ አገኘችው። «ማሠልጠኛው የት ነው ያልሽኝ?» አላት።

ወሰደችው። ምሰሶ ከሩቅ ሲያየው ከመኪናው ወጣ፤ ተጣጥፎ ስለነበር መውጣቱ ጊዜ ወሰደበት። ሁለቱ ተያይተው ቆሙ። አጎቷ እጁን ዘረጋ፤ ምሰሶ እጁን ትቶ ትከሻውን አቀፈው። ከዚያ መኪናዋ ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ።

ጋዜጠኛዋ ምን እንደሚባባሉ ለመስማት ቋምጣ ሁለት ጊዜ በመኪናዋ አጠገብ አለፈች። መስኮቱ ተዘግቷል። አጎቷ አንድ ጊዜ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ቆየት ብሎ ምሰሶ አቧራ ባዘለው የፊት መስታወት ላይ በጣቱ የቅርጫቱን ቀለበት የመሰለ ክብ ሠራ፣ አጎቷ ያን ቀን በቆመበት ጥግ በኩል ነጥብ አደረገ። አጎቷ ራሱን ነቅንቆ ነጥቧን አጠፋና ትንሽ ወደ ውጭ አድርጎ ሌላ ነጥብ አኖረ። ምሰሶ ያንንም አጠፋ። የሚቀጥለው ተማሪ መጥቶ መስኮቱን ሲያንኳኳ ገና አልተስማሙም ነበር።