ክር የታሰረባት ቶንዶስ

በራው የሚሉት ፀጉር አስተካካይ ራሱ ላይ አንዲት ፀጉር የለችም። ደንበኞቹ «የሰውን ስትቆርጥ ያንተን ማን ወሰደብህ?» እያሉ ሲያበሽቁት አብሯቸው ይስቃል። አንድ ነገር ብቻ አያስቀልደውም፤ «እዚያ ቤት ቆረቆር ያዘኝ» የሚል ወሬ።

ታላቅ ወንድሙ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ በራውን ያሳደገው እሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሊስተካከል ይመጣል። አንድ ቅዳሜ በራው ማጅራቱን ሲያስተካክል ጠንከር፣ ቀላ ያለች እብጠት አገኘ። በሳምንቱ ሦስት ሆኑ፤ አንዷ ቆስላለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ። አያሳክከኝም፣ አያመኝም። ያስቸገረኝስ ጨጓራዬ ነው፤ ሁለቴ ስጎርስ ጥግብ እላለሁ።»

በራው ስለ ጨጓራው መች ሰማ! ልቡ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ጋ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከእንግዲህ በጓሮ በር ግባ፣ እዚያ ነፋሻ ነው» አለው። ነፋሻ! መጥረጊያና ባልዲ የሚቀመጥበት ጓዳ! አሮጌ ቶንዶስም መርጦ፣ ከሌሎቹ እንዳትቀላቀል እጀታዋ ላይ ቀይ ክር አሰረባት። ወንድሙ አንድም ቀን ለምን ሳይል ለሁለት ወር በጓሮ እየገባ፣ ባልዲ ገልብጦ እየተቀመጠ ተስተካከለ።

ከዚያ ደም አስታወከና ሆስፒታል ገባ። ሐኪሟ ከእብጠቱ ቆንጥራ አስመረመረች፤ ውጤቱ ሲመጣ በራውን ጠራችው።

«ካንሰር ነው። ከጨጓራው ተነስቶ ቆዳው ላይ የወጣ።»

«ቆረቆር... ወደ ሰው የሚተላለፍ አይደለም?»

«በጭራሽ። መዳኑን እንኳ እንጃ፤ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ግን ይሄን ያህል አይሠቃይም ነበር። እብጠቱን መጀመሪያ ያየው ማነው?»

«እኔ» ሊል አፉን ከፈተ። «አላውቅም» ብሎ ዘጋው። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ወንድሙ ከሆስፒታል በወጣ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከታክሲ ወርዶ በከዘራ እየተደገፈ ወደ ጓሮ ዞረ። በራው የጀመረውን ደንበኛ ጥሎ ሮጠና ክንዱን ያዘው።

«በፊት ለፊት ነው ጋሼ! በፊት ለፊት!»

ዋናው ወንበር ላይ አስቀመጠው። ማንም ሳይጠይቀው «ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ያሳደገኝ» አለ ለቤቱ ሁሉ። ንጹህ ጨርቅ አለበሰው፤ አዲሱን ቶንዶስ አነሳ። ወንድሙ እጁን ያዝ አደረገውና ሌላ ሰው እንዳይሰማ በሹክሹክታ፣

«ክር ያለባትን አምጣት እንጂ። ደንበኞችህ ይሸሹሃል» አለው።

ለካ ያውቅ ኖሯል። ያን ሁሉ ቅዳሜ እያወቀ ነው ባልዲው ላይ የተቀመጠው።

በራው ጓዳ ገብቶ ክር ያለባትን አመጣት። ሁሉም እያዩት የወንድሙን ፀጉር ቀስ ብሎ፣ ቁስሉን እየዘለለ አስተካከለባት። ሲጨርስ ያችኑ ቶንዶስ በራሱ መላጣ ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለሳት።

«በራው፣ ደግሞ ምን ልትቆርጥ ነው?» ብለው ሳቁበት።

ወንድሙ ግን መስታወቱ ውስጥ የበራውን እንባ አየ። «በቃ፣ ተው አሁን» አለው። «ሰው ያይሃል።»

«ይየኝ» አለ በራው።