ከእናቴ ጎን

እህቴ ፊፔ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አትመጣም። እኛ የቶንጋ ደሴት ሰዎች በእሁድ ዓሣ አናጠምድም፣ ልብስ አናጥብም፤ ልጆች ኳስ ሲያንከባልሉ እንኳ ጎረቤት ይቆጣል። የተፈቀደው ዳቦ ቤት ብቻ ነው፤ ያ ሁሉን ያፈረሰው አውሎ ነፋስ ካለፈ ወዲህ፣ ያኔ ለተራበው ሕዝብ ሲባል፣ እሁድ ከሰዓት ይከፈታል። ፊፔ ደግሞ የምትሠራው እዚያው ነው። እኔ ሎሳና፣ ታላቋ፣ መድረክ ላይ ቆሜ ስለ ሰንበት ዕረፍት ስሰብክ እሷ ሊጥ ታሻለች። እግዚአብሔር ይፍረድ እላለሁ። ፍርዱ ግን ትንሽ የዘገየ ይመስለኛል።

እናታችን ሴላ ታማ ከተኛች ወዲህ ከምንጣፏ አልተነሳችም። ገላዋን የማጥባት እኔ፣ የማገላብጣት እኔ፣ መዝሙር የማነብላትም እኔ። ሾርባ ሳቀርብላት ግን ከንፈሯን ነክራ ትመልሰዋለች። አንድ ቀን «ጠማኝ» አለችኝ። እኔ ሰባኪ ነኝ፤ የሰው ሥጋ ሲጠማ ነፍሱ እግዚአብሔርን እየፈለገች እንደሆነ ለሕዝብ የማስተምር ሴት ነኝ። ልቤ በደስታ ሞላ። ስለ ዋላና ስለ ውሃ ምንጭ የሚናገረውን መዝሙር አውጥቼ እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ።

«ቆንጆ ነው ልጄ» አለች። «አሁን ውሃ ስጪኝ።»

ይህን ለፊፔ የነገራት ማን እንደሆነ አላውቅም። በማግስቱ በሩ ላይ ቆማ ላቧን እየጠረገች «እትዬ፣ እኔም ጠምቶኛል። አጠር ያለ ምዕራፍ አይጠፋሽም?» አለችኝ። እናቴ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው፤ ሳቋም በኔ ነበር።

እሁድ ከሰዓት ሲሆን ይብሳል። ፊፔ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ትመጣለች። ቀኑን ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የዋለችው እናቴ ገና ኮቴዋን ስትሰማ ወደ በሩ ትዞራለች። ፊፔ ዳቦውን ቆርሳ ስኳር የበዛበት ሻይ ውስጥ እየነከረች ታጎርሳታለች፤ እናቴም ትበላለች። የኔን ሾርባ የመለሰ አፍ የእሷን ዳቦ እየለመነ ይቀበላል። ከዚያ እናቴ ምንጣፉን በመዳፏ መታ መታ ታደርግና «ነይ እዚህ ጋደም በይ፣ ደክሞሻል» ትላታለች። ፊፔ ከነዱቄቷ ትጋደማለች። እኔ ተንበርክኬ እየጸለይኩ አሜን ሳልል ታንኮራፋለች። እናቴ ፀጉሯን ትዳብሳለች፤ ጸሎቴን የምትሰማው አይመስለኝም።

ቀናሁ። ሌላ ስም አላወጣለትም። አንጀቴ እስኪያርር ቀናሁ። እኔን እናቴ አንድም ቀን «ጋደም በይ» ብላኝ አታውቅም።

ስለዚህ የሴቶች ማኅበር በተሰበሰበበት ተነሥቼ ስእለት ተሳልኩ። እናቴ ከእጄ እህል እስክትቀበል ድረስ ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ምንም አልቀምስም አልኩ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ደስ አለኝ። ስእለቱ ስለ እናቴ ጤና ነው፤ ግን ፊፔ ጾማ የማታውቅ መሆኗም ልቤ ውስጥ ነበረ፣ አልዋሽም።

እሁድ ደረሰ። የቀትሩ ጸሎት ሲያልቅ ሰው ሁሉ ምሳው ከማለዳ ጀምሮ የተቀበረበትን የጉድጓድ ምድጃ ሊከፍት ወደ ቤቱ ሄደ። በጎደሬ ቅጠል ተጠቅልሎ በኮኮናት ወተት የበሰለው ሥጋ መንደሩን በመዓዛው አወደው። በሉ፣ ከዚያ ተኙ፤ ከየቤቱ የሚሰማው ማንኮራፋት ብቻ ሆነ። እኔ ባዶ ሆዴን ይዤ መጋቢ ሴሚሲ ከእንቅልፋቸው እስኪነሡ በራቸው ላይ ጠበቅኳቸው። ቅርጫት አንጠልጥለው ወጡ።

«መጋቢ፣ እህቴን ይገሥጹልኝ» አልኳቸው። «ሰንበትን ትሽራለች።»

«ምን አድርጋ?»

«ዳቦ እየጋገረች።»

ቅርጫቱን ወደ ኋላቸው ሸሸግ አደረጉት፤ እኔ ግን አይቼዋለሁ።

«አንቺ ዛሬ በልተሻል?» አሉኝ።

«ጾም ላይ ነኝ።»

«ተኝተሽስ?»

«በሽተኛ ያለበት ቤት እንቅልፍ አለ እንዴ መጋቢ?»

«እስቲ ንገሪኝ፤ ኤልያስ መሮት ሞቴን አምጣው ሲል መልአኩ ምን አደረገለት?»

ይህንንማ ሰብኬበታለሁ። «ትኩስ እንጎቻና ውሃ ሰጠው» አልኩ።

«ከዚያስ?»

«ተኛ።»

«ከዚያስ?»

«እንደገና አበላው።»

«ስብከት አልሰበከለትም?»

«አልተጻፈም» አልኩ።

«የእግዚአብሔርን ድምፅ የሰማው ከበላና ከተኛ በኋላ ነው። ልሂድ በቃ፣ ሰልፉ ይረዝምብኛል» ብለው ወደ ዳቦ ቤቱ አቀኑ። ሰው ለአቤቱታ ሄዶ ተፈትኖ ይመለሳል።

ቤት ስገባ ከእናቴ ጋር የዋለችው ጎረቤት ተነሥታ ወጣች። ፊፔ ቀድማኝ መጥታ ዳቦውንና ሻዩን እናቴ ራስጌ አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፤ ገዢው ገና አላለቀላትም። ዳቦው በጨርቁ ውስጥ እንደሞቀ ነው፤ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። ተንበረከክሁና ጸሎት ጀመርኩ። ገና አምላኬ ሆይ ከማለቴ ሆዴ ጮኸ። ቀስ ብሎ ቢሆን ምናለ፤ ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸ።

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። «ያ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደል እማ። እየጸለይኩ ነው።»

«እሱንስ ሰማሁት። ርቦሻል?»

«ጾም ላይ ነኝ።»

«ለማን ብለሽ?»

«ላንቺ ብዬ ነዋ።»

«እኔ ጹሚልኝ አልኩሽ?»

በዚህ ጊዜ የያዝኩት ሁሉ አመለጠኝ። «ለምን እሷን ብቻ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። «የማጥብሽ እኔ፣ የማነሣሽ እኔ፣ የማስተኛሽ እኔ። አንቺ ግን ዓይንሽ በር በሩን ያያል። ፊፔ ምን ሠርታ ነው? እኔን አንድ ቀን እንኳ ከጎኔ ጋደም በይ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

ሰባኪ ሴት እንዲህ አትጮህም፤ ለዚያውም በእሁድ፣ ለዚያውም በታመመች እናቷ ላይ። እሷ ግን አልተቆጣችም። ፊቷን ወደ እኔ መልሳ እንዲህ አለችኝ፦

«መቼ ደክሞሽ መጣሽ? ከልጅነትሽ ጀምሮ ራበሽ ወይ ስልሽ በልቻለሁ ነው። ደከመሽ ወይ ስልሽ ደህና ነኝ ነው። ስትወድቂ እንኳ ሳላይሽ አቧራሽን አራግፈሽ ነበር የምትገቢው። ፊፔ ርቧት ትመጣለች፣ ደክሟት ትመጣለች፤ የምሰጣት ነገር አላጣም። አንቺ ሁልጊዜ ሞልተሽ ነው የምትመጪው። ታዲያ እጄን የት ላሳርፈው?»

ከተንበረከክሁበት ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

«እግዚአብሔርንም እንደኔው ሳታስቸግሪው አትቀሪም» አለች።

ከዚያ እጇን ወደ ዳቦው ሰደደች። ላግዛት ስል በዓይኗ ከለከለችኝ። በዝግታ ቆረሰች፤ ፍርፋሪው ደረቷ ላይ ፈሰሰ። ቁራሹን ሻይ ውስጥ ነከረችና ወደ አፌ ዘረጋችው። ስእለቴ ትዝ አለኝ፣ የማኅበሩ ሴቶችም ትዝ አሉኝ። ጀምበር ገና ከኮኮናቱ ዛፎች በላይ ናት። የእናቴ እጅ ግን አየር ላይ ብዙ መቆየት አይችልም ነበር። አፌን ከፈትኩ።

ሁለተኛም አጎረሰችኝ፣ ሦስተኛም። ጣፈጠኝ ብል ያንሰዋል፤ ዕንባዬ ወረደ፣ እሱንም አብሬ ዋጥኩት። በመሐል ለራሷም እየቆረሰች ትበላ ነበር።

«እማ» አልኳት፣ «ደክሞኛል።»

ይህን ቃል ለእሷ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ምንጣፉን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። የቤተ ክርስቲያን ልብሴን ሳላወልቅ ከጎኗ ጋደም አልኩ። እጇ ፀጉሬ ውስጥ ገባ። ሸካራ ነው፣ ሙቀቱም ትንሽ ነው፤ ግን ለኔ ነበር።

እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል በሩ ተከፈተ። ፊፔ ናት። በድካም እግሯን እየጎተተች ገባችና ራሴ ላይ ቆመች።

«እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «እስቲ ትንሽ ጠጋ በይልኝ።»

ሰምቻታለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን እንኳ ሳላንቀሳቅስ ተኛሁ።

«እማ፣ ቦታዬን እኮ ያዘችብኝ» አለች ፊፔ።

«ተያት» አለቻት እናቴ። «እሷ ገና ዛሬ መምጣቷ ነው።»