የግንቡ ሰማይ

ሰዓሊው ዕድሜውን ሙሉ የሱቅ ስም ሲጽፍ ኖሮ፣ አንድ ቀን ሰማይ ሳል ተባለ። ያዘዘው ጎረቤቱ የብረታ ብረት ነጋዴው ነው። ነጋዴው ለመጋዘኑ ብሎ ያቆመው ግንብ የሰዓሊውን ቤት መስኮት ግጥም አድርጎ ጋርዶታል። የሰዓሊው ሚስት ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትሰፋውም በዚያው መስኮት ብርሃን ነበር። አቤት ስትለው ነጋዴው፣ «እህቴ፣ የጎደለሽ ሰማይ ከሆነ እናስልልሻለን» አለና ባሏን ቀጠረው።

ብልህ ባል ቢሆን እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ ነበር። እሱ ግን ጎረቤቱንም ሚስቱንም በአንድ ብሩሽ ያስደሰተ መሰለው። መሰላል ላይ ወጥቶ ከግንቡ ግርጌ እስከ ጫፉ ጥርት ያለ ሰማይ ሳለ፤ ስስ ደመና ጣል ጣል አደረገበት፤ በመስኮቱ ትክክል ደግሞ አንዲት ወፍ አበረረ። የሰፈሩ ሰው በግንቡና በቤቱ መሐል ባለው መተላለፊያ እየገባ፣ አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ አደነቀ። ሚስቱ ብቻ በመስኮቱ አየችና፣ «ሰማዩስ ይሁን፤ ያቺን ዝንብ ግን አጥፋልኝ» አለችው።

«ወፍ ናት።»

«ለእኔ የምትታየኝ ዝንብ ናት።»

አኮረፈ። በዚህ መሐል የአንድ ሙሽራ ጥቁር ሱፍ ሰፍታ አስረከበች። ሙሽራው ለብሶ ደጅ ሲወጣ፣ ክሩ ከአንገት እስከ እግር ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። የሙሽራው እናት የተናገሩትን እዚህ መድገም አይገባም። ልብስ ሰፊዋ አለቀሰች። ደንበኛ እንዲህ ከሸሸ የስፌት መኪናዋን ሸጦ መቀመጥ ነው። ዕንባዋን ጠርጋ ፍርድ ቤት ሄደችና ነጋዴውን ከሰሰች። ባሏንም፣ «አንተ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ፣ ምስክር ነህ» አለችው።

ሰዓሊው ጨነቀው። ግንቡ ይፍረስ ከተባለ በዕድሜው የሠራው ብቸኛው ሥዕል አብሮ ይፈርሳል። ይቁም ከተባለ ሚስቱ ሥራዋን ታጣለች። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፤ እሱ ግን ወጥቶ ነበር፣ የጠፋው መውረጃው ነው።

ዳኛዋ ነገሩን በዐይኔ ልይ ብለው፣ አንድ የአየር ጠባይ ባለሙያ አስከትለው ባልና ሚስቱ ቤት ድረስ መጡ። ነጋዴው ቀደመ።

«ክብርት ዳኛ፣ ከድሮው የተሻለ ሰማይ ነው የሰጠኋት። ክረምት ከበጋ ብራ ነው። ደግሞስ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም።»

ባለሙያው የብርሃን መለኪያውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። አየው፤ የተበላሸ መስሎት መታ መታ አደረገው። «ብርሃን የለም ማለት ይቻላል» አለ። «ያለችውም ከቀለሙ ላይ ነጥራ የመጣች ስለሆነች ሰማያዊ ናት። ሴትዮዋ ክር ቢያምታታቸው አይፈረድባቸውም። በነገራችን ላይ፣ እላይ ሰማያዊ የሆነ ነገር የለም። የፀሐይ ብርሃን አየር ውስጥ ሲበተን ነው ለዐይናችን እንዲያ የሚመስለው።»

ሰዓሊው ይኼን መቻል አቃተው። «የለም? ታዲያ ይህን ሁሉ ባልዲ ቀለም የጨረስኩት ምን ስስል ነው?»

«አየር» አለ ባለሙያው በትሕትና።

ዳኛዋ ሳቃቸውን በመሐረብ ሸፍነው ወደ ሰዓሊው ዞሩ። «እርስዎ እውነት ሊናገሩ ምለዋል። ይህ ሰማይ ነው?»

መተላለፊያው ውስጥ ሰዎች ደመናውን ሲያደንቁ ይሰማዋል። ደረቱ ተነፋ፤ «ነው» ሊል አፉን ከፈተ። ሚስቱ ጥጓን ይዛ መርፌ ውስጥ ክር ልታስገባ ትታገላለች። ወደ መስኮቱ አስጠግታ ሞከረች፤ ሳተች። የክሩን ጫፍ በምራቋ አርጥባ ደገመች፤ አሁንም ሳተች። ሊያያት አልፈለገም ነበር፣ ግን አየ።

«ክብርት ዳኛ» አለ፣ «እንደ ሥዕል ከሆነ፣ ዐይኔን ግንባር ያድርገው፣ ከእጄ እንዲህ ያለ ወጥቶ አያውቅም። እንደ ሰማይ ከሆነ ግን የመርፌ ቀዳዳ አያሳይም። መርፌ የማያሳይ ደግሞ ሰማይ አይደለም።»

«የገዛ ሥራህን?» አለ ነጋዴው።

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው፤ ከተጋቡ ወዲህ እንዲያ አይታው አታውቅም።

ዳኛዋ ነገር አላበዙም። «ሕጉ ሰማይ ይመር አይመር የሚለው የለም። ስለ ሰው ብርሃን ግን ይላል። ግንቡ ከመስኮቱ ደፍ በታች ዝቅ ይበል» ብለው ፈረዱ።

በሚፈርስበት ቀን ሰዓሊው አላይም ብሎ ከቤት ጠፋ። የአንድ ጫማ ቤት ስም ሲጽፍ ዋለ፤ ሳያስበው ከፊደሎቹ በላይ ደመና ጨምሮበት ባለሱቁ አስጠፋው። ሲመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ክፍሉ በብርሃን ተሞልቶ የሰው ቤት የገባ መሰለው። ሚስቱ ጠረጴዛው ላይ የልብስ ልክ የቆረጠችበትን ወረቀት ዘርግታ፣ ነፋስ እንዳይወስደው አንድ ብሎኬት ጭናበታለች። ወፏ ያለችበት ብሎኬት ነው።

«ለካ ወፍ ናት» አለችው። «ክንፏ ሥር ሐምራዊ አስገብተህባታል። ጅራቷ ላይ ደግሞ ግራጫ። እንዴት አድርገህ ነው የቀላቀልከው?»

«ነግሬሽ ነበር» አለ።

«ነግረኸኛል። በምን ብርሃን ልያት?»

አጠገቧ ተቀምጦ ዕንባውን በእጅጌው ጠረገ። እጅጌው ቀለም ነክቶት ስለነበር ጉንጩ ላይ ነጥብ ቀረ። እሷም ፊቱን ወደ መስኮቱ መለስ አድርጋ አየችው።

«ዝንብ አርፎብሃል።»

«ቀለም ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «ይታየኛል።»