ያልተራገፈው አንሶላ

የሆቴል ትምህርት ቤቶች ላይ ቂም አለኝ። ተማሪዎቻቸውን ፎጣ አጣጥፎ ዳክዬ መሥራት ያስተምሩና፣ ሰው ያደረበትን አልጋ ሳያሳዩ ለልምምድ ይልኩልኛል። የሆቴላችን የክፍል ጽዳት ኃላፊ ስለሆንኩ ከዳክዬው በኋላ ያለው ጣጣ ሁሉ የእኔ ነው።

ዘንድሮ ከላኩልኝ ሁሉ ፈጣኗ «ሥራ አስኪያጅ» ነበረች። ስሙን ያወጣንላት እኛ ነን፤ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና መጥረጊያ ሳትይዝ፣ ሥራ አስኪያጅ ለመሆን ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ጠይቃኝ ነበርና። አልጋ ስታነጥፍ ከዓይን ያውጣት ታሰኛለች። አንድ ነገር ብቻ አልገባ አላት፤ አንሶላውን ከመጠቅለሏ በፊት አታራግፍም። በትምህርት ቤቱ አልጋ ማንም ተኝቶበት ስለማያውቅ ከአንሶላው የሚወድቅ ነገር ኖሮ አያውቅም። ስነግራት «እሺ እትዬ» ትላለች፤ እጇ ግን የለመደውን ያደርጋል። የእንግዳ ዕቃ ያጠፋ ተማሪ ልምምዱ እዚያው እንደሚቋረጥ፣ ያለ ልምምድ ደግሞ ምረቃ እንደሌለ ገና ሲመጡ ነግሬያቸዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ልጃቸውን ሊድሩ የመጡ ሽማግሌ እንግዳ ከክፍላቸው ወጥተው መተላለፊያው ላይ እኔንና ሥራ አስኪያጅን አገኙን። አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነዋል። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ድዳቸውን ቢያሳምማቸው በመሐረብ ጠቅልለው ትራሳቸው ሥር ትተውት ነበር፤ ሻይ ብቻ ጠጥተው ሲመለሱ አልጋው ተነጥፏል፣ ጥርሱ የለም። ከቀትር በኋላ ደግሞ ሠርጉ ላይ ንግግር ያደርጋሉ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ደሜ ፈላ፤ ግን የሠራተኛ ገመና እንግዳ ፊት አይወጣምና፣ ምናልባት ቁርስ ቤት ጥለውት እንደሆነ ወርደው እንዲያዩ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ወደ ደረጃው ማዝገም ሲጀምሩ ሥራ አስኪያጅ ፊታቸው ቆመች።

«አይሂዱ አባባ፤ እኔ ነኝ» አለች። «አንሶላውን ሳላራግፍ ጠቅልዬ ወደ ማጠቢያ ልኬዋለሁ።»

ፊቷ አመድ መስሏል። ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ጊዜ አልነበረም። ደረጃውን እየዘለልን ወደ ልብስ ማጠቢያው ወረድን። አጣቢው ማሽኑን ሞልቶ፣ ሳሙናውን ጨምሮ፣ ጣቱን ወደ ማስነሻው ዘርግቶ ሳለ ደረስን። እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም፤ ጉሮሮዬ ሲያመኝ ዋለ።

የማሽኑን ሆድ ዘረገፍነው። ልጅቷ ተንበርክካ አንሶላዎቹን አንድ በአንድ፣ በቀስታ ታራግፍ ጀመር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው ልላት ፈልጌ፣ አንዱን አንሶላ ሁለት ጊዜ ስታራግፍ አይቼ ተውኩት። መሐረቡ ከአንድ የትራስ ልብስ ውስጥ ዱብ አለ። ጥርሱን ጭረት እንኳ አልነካውም። እፎይ አልኩ! አጣቢውን ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ይዘንላቸው ወደ ክፍላቸው ስንመለስ፣ ሽማግሌው ጥርሳቸውን አጥበው፣ ፊታቸውን አዙረው አጠለቁና የንግግራቸውን መጀመሪያ ሞከሩት። ቃላቸው ጥርት ብሎ ወጣ። የሥራ አስኪያጅን ትከሻ ቸብ ቸብ አድርገው፣ ልብሳቸውን ሊቀይሩ ገቡ።

በሩ ሲዘጋ ልጅቷ ሽርጧን ፈትታ አጣጠፈችው፤ ያንንም አሳምራ።

«ዕቃ ያጠፋ ይሄዳል ብለውናል እትዬ።»

«ጠፋ እንዴ?» አልኳት። «ትንሽ ዝም ብትዪ ኖሮ ማሽኑ ይነሳ ነበር። ሰውየውን በከንቱ ወደ ቁርስ ቤት የላክኋቸው እኔ ነኝ። አንቺ እንዴት ደፈርሽ?»

«አፋቸውን ሲሸፍኑ አላስቻለኝም።»

ይህን የትኛውም ትምህርት ቤት አያስተምርም፤ እኔም አላስተማርኳትም። ሽርጡን ከእጇ ወስጄ ወገቧ ላይ መልሼ አሰርኩላት። ከኋላዋ መቆሜ በጀኝ፤ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።